ኤንዞ ፌራሪ፤ መኪና ሠሪውና ኀዘኑ

ፌራሪ የሚባለውን መኪና በዓይኑ ያየ ከአባሎቻችን መካከል ጥቂት ይሆናል፤ ስሙን ያልሰማ ግን አለ ለማለት ያስቸግራል። ልጆቻችን በቀይ ቀለም በተቀባች አሻንጉሊቷ ይጫወታሉ። በኋላ እግሩ የቆመው ጥቁር ፈረስ በካናቴራ ላይ፣ በባርኔጣ ላይ፣ በባጃጅ መስታወት ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ይታያል። በለቅሶ ድንኳን ሥር የሚያመሹት ወጣቶቻችንም ከኳስ ቀጥሎ የሚያነሡት ወሬ የመኪና እሽቅድድም ነው። ሆኖም ስሙ የአንድ ሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከኀዘን ጋር ሲታገል የኖረ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ መኪናው ዋጋና ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በይበልጥ ስለ ሰውዬው መጻፍ የመረጥነው ስለዚህ ነው። የዕድር ሰው ከለቅሶና ከቀብር ጋር የኖረ ስለሆነ ይህን ታሪክ ከሌላው ይልቅ ይረዳዋል የሚል እምነት አለን። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ኤንዞ የተወለደው በሰሜን ኢጣሊያ በሞዴና ከተማ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1898 ነው። የዐድዋ ድል ሁለተኛ ዓመቱን ሊይዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ከባድ በረዶ ወድቆ መንገዱ ስለተዘጋ አባቱ ሊያስመዘግበው የቻለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው ይባላል፤ በመዝገብ ላይም የተወለደበት ቀን ፌብሩዋሪ 20 ተብሎ ተጽፎ ቀርቷል። አባቱ አልፍሬዶ ብረት ሠሪ ሲሆን ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በተያያዘ ወርክሾፕ ውስጥ ለምድር ባቡር የሚሆን የብረት ሥራ ይሠራ ነበር። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ታላቁ እንደ አባቱ አልፍሬዶ፣ በቁልምጫ ዲኖ ይባላል፤ ታናሹ ኤንዞ ነው። ኤንዞ ትምህርት ብዙም አልሆነለትም። አንድ ጊዜ የኦፔራ ዘፋኝ፣ አንድ ጊዜ የስፖርት ጋዜጠኛ፣ አንድ ጊዜ የመኪና ተወዳዳሪ ለመሆን እያለመ ነው ያደገው። በ1908፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ ሁለቱንም ልጆች ይዞ ወደ ቦሎኛ ከተማ ሄደና እሽቅድድም አሳያቸው። ፌሊቼ ናዛሮ የሚባለው ነጂ አሸነፈ። የልጁ ልብ እዚያው ቀረ።

በ1916 ሁሉ ነገር ተገለባበጠ። አባቱ በሳንባ ሕመም ሞተ። ዓመቱ ሳይዞር በውትድርና ላይ የነበረው ወንድሙ ዲኖም ታሞ ሞተ። ያን ጊዜ ኤንዞ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው። ወርክሾፑም የሚመራው ጠፍቶ ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት እሱም ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ተራራ መድፈኛ ክፍል ገባ። የወደፊቱ የእሽቅድድም መኪና ጌታ በጦሩ ውስጥ የተሰጠው ሥራ ለበቅሎዎች የብረት ጫማ መምታት ነበር። ብዙም ሳይቆይ በጽኑ ታመመና ሆስፒታል ገብቶ ከጦሩ ተሰናበተ።

ሲድን አባት የለ፣ ወንድም የለ፣ ሥራ የለ። በ1918 መጨረሻ፣ በብርዱ ወራት፣ የጦር አለቃው የጻፈለትን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ቶሪኖ ወደሚገኘው ወደ ፊያት ፋብሪካ ሄደ። እነሱም ከጦር ሜዳ የተመለሰውን ሁሉ መቅጠር እንደማይቻላቸው ነግረው መለሱት። በዚያ ከተማ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ቫለንቲኖ ወደሚባለው መናፈሻ ገባ፤ አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ የነበረውን በረዶ ጠርጎ ተቀመጠና አለቀሰ። ይህችን ወንበር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቀስ በቀስ ሥራ ተገኘ። ሚላኖ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የመኪና ድርጅት መኪና ፈታሽ ሆኖ ተቀጠረና በ1919 ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ። በ1920 ወደ አልፋ ሮሜዎ ተዛውሮ በዚያው ዓመት በሲሲሊ ደሴት በሚደረገው በታርጋ ፍሎሪዮ ሁለተኛ ወጣ። በነጂነቱ ደኅና ነበር እንጂ ከሁሉ የላቀ አልነበረም። የሚበልጥበት ሥራ ሌላ ነው፤ ሰው መምረጥ፣ ሰው ማሰባሰብ፣ ከሌላው ድርጅት ጎበዝ መካኒክና መሐንዲስ አባብሎ ማምጣት። አልቀጥርህም ካለው ከፊያት ሳይቀር ቪቶሪዮ ያኖ የሚባለውን ታላቅ መሐንዲስ ወደ አልፋ እንዲመጣ ያደረገው እሱ ነው። ያኖን ወደፊት በሌላ ቦታ፣ በአንድ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እናገኘዋለን።

ስለ ፈረሱ ምልክት እንናገር። በ1923 ራቬና አጠገብ በተደረገው የሳቪዮ ውድድር ኤንዞ አንደኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ ኮንት ኤንሪኮ ባራካ ከሚባሉ ሰው ጋር ተዋወቀ። የእኒህ ሰው ልጅ ፍራንቼስኮ ባራካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት 34 የጠላት አውሮፕላኖችን የጣለ ዝነኛ አብራሪ ሲሆን በ1918 በውጊያ ላይ እንዳለ ሞቷል። በአውሮፕላኑ ጎን ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ አስሎ ነበር የሚበረው። ኤንዞ በኋላ እንደተረከው፣ የሟቹ እናት ኮንቴሳ ፓኦሊና የልጃቸውን ፈረስ በመኪናው ላይ ቢያደርገው መልካም ዕድል እንደሚያመጣለት ነገሩት። እሱም ፈረሱን በጥቁርነቱ ተቀብሎ ከበስተጀርባው የሞዴናን ከተማ ቀለም ብጫውን ጨመረበት። በመኪናዎቹ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1932፣ ቤልጂግ ውስጥ ስፓ በተባለው ቦታ በተደረገ የ24 ሰዓት ውድድር ነው። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሀብትና የቅንጦት ምልክት የሆነው ፈረስ ልጃቸው ከሞተባቸው ወላጆች ቤት የወጣ ነው። ባለሀብቱ የመኪናውን ቁልፍ ሲያንጠለጥል ይህን ያስበው ይሆን? አይመስለንም።

በ1929 ኤንዞ በገዛ ከተማው በሞዴና ስኩዴሪያ ፌራሪ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ስኩዴሪያ ማለት የፈረስ ጋጣ ማለት ነው። ማኅበሩ የራሱ መኪና አልነበረውም፤ የአልፋ ሮሜዎን መኪናዎች እያዘጋጀ ነጂ ቀጥሮ ያወዳድር ነበር። በ1932 ወንድ ልጅ ተወለደለትና እሱ ራሱ መወዳደሩን ተወ። በጁላይ 1935 ታትሲዮ ኑቮላሪ የሚባለው ነጂው በጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ ላይ በአሮጌ አልፋ የጀርመኖቹን እጅግ የበለጡ መኪናዎች አሸነፈ፤ እስከ ዛሬም ይወራል። ከዚያ ሦስት ወር ሳይሞላ የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ወረረ። ፌራሪ በዚያ ዘመን ከመንግሥቱ ጋር ተስማምቶ የሚሠራ ነጋዴ እንጂ የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ሳንሸሽግ መጻፍ ይገባናል። ከዚያ ጊዜ ጋር በተያያዘ ለእኛ የቀረልን የጋራዥ ቋንቋ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያኖች የወሰድናቸው ናቸው። ከሰፈራችን መካኒኮች አንዱ ድንገት ሞዴና ቢሄድ ምሳ ለማዘዝ ይቸገር እንደሆነ እንጂ መኪና ለመፍታት አስተርጓሚ አያስፈልገውም!

በ1939 ከአልፋ ሮሜዎ ጋር ተጣልቶ ሲለያይ አራት ዓመት በፌራሪ ስም ውድድር ውስጥ እንዳይገባ ፈርሞ ወጣ። የጦርነቱን ጊዜ የፋብሪካ መሣሪያዎች በመሥራት አሳለፈው። በ1943 ፋብሪካውን ከሞዴና አቅራቢያ ወደምትገኘው ወደ ማራኔሎ አዛወረ፤ ነገር ግን በ1944 እና በ1945 በቦምብ ተደበደበ። እንደገና ሠራው።

በማርች 1947 በፌራሪ ስም የተሠራችው የመጀመሪያዋ መኪና ከማራኔሎ ፋብሪካ በር ወጣች። ሰውዬው ያን ጊዜ 49 ዓመት ሆኖታል፤ በእኛ አነጋገር ጡረታ የሚታሰብበት ዕድሜ ላይ መድረሱ ነው። መኪናዋ 125 ኤስ ትባላለች። ሞተሯ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን በዚህች ትንሽ ሞተር ውስጥ ግን 12 ሲሊንደር ገብቷል። ይህ ነገር ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። በተራው መኪና አራት ፒስቶን የሚሠራውን ሥራ 12 ትንንሽ ፒስቶኖች ተካፍለው ሲሠሩት እያንዳንዱ ቀላል ስለሆነ ሞተሩ እጅግ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ድምፁም ከሌላው ይለያል። ሠርቶ ማስተካከሉ ግን ለመካኒክ ፈተና ነው። በሜይ ወር ፒያቼንዛ በተደረገው የመጀመሪያ ውድድሯ ስትመራ ቆይታ ወደ መጨረሻው ገደማ በቤንዚን ፓምፕ ብልሽት ቆመች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሮም ላይ አሸነፈች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ ደግሞ የፌራሪ መኪና ቶሪኖ ላይ አሸነፈች። ያን ቀን ኤንዞ ብቻውን ወደ ቫለንቲኖ መናፈሻ ሄደ። ያቺን አግዳሚ ወንበር ፈልጎ አገኘና ተቀምጦ እንደገና አለቀሰ። የመጀመሪያው ልቅሶ የማጣት፣ ይኸኛው የማግኘት ነው ሊባል ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በመካከሉ ባለፉት 29 ዓመታት ያዩት ዘንድ የሚመኛቸው አባቱና ወንድሙ አልነበሩም።

ስለ መኪናዎቹ ጠባይ ጥቂት እንበል። ለፌራሪ መኪና ማለት ሞተር ነው፤ ሌላው ሁሉ ሞተሩን የሚሸከም ነገር ነበር። ለመንገድ የሚሆኑትን የቅንጦት መኪናዎች የሚሠራው ለእሽቅድድሙ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ብቻ ነው። ንጉሥ ቢሆን የፊልም ተዋናይ፣ ገዢው ማራኔሎ መጥቶ ደጅ ይጠና ነበር። አዲስ ነገርም ቶሎ አይቀበልም። እንግሊዞች ሞተሩን ከነጂው ጀርባ ማድረግ ሲጀምሩ በሬ ጋሪውን ይጎትታል እንጂ አይገፋም እያለ ተከራከረ፤ እነሱ በተከታታይ ካሸነፉት በኋላ ነው በሬውን ከጋሪው ኋላ ያሰረው። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ የሚባል የትራክተር ፋብሪካ ባለቤትም የገዛው ፌራሪ ፍሪሲዮኑ ቢያስቸግረው ሊያማርር ሄዶ ትራክተርህን ንዳ ተብሎ መመለሱን ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሯል። ተናዶም በ1963 እዚያው አካባቢ የራሱን መኪና መሥራት ጀመረ። የፌራሪ ኩራት ጠላትም ፋብሪካም ወለደለት ማለት ነው።

በ1951 እንግሊዝ አገር ሲልቨርስቶን ላይ ጎንሳሌስ የሚባል አርጀንቲናዊ የፌራሪን መኪና ነድቶ አልፋ ሮሜዎን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ። ኤንዞ በደስታ አለቀሰ፤ ነገር ግን ያሳደገችውን እናቱን የገደለ ያህል እንደተሰማው ጽፏል። በ1952 እና በ1953 አልቤርቶ አስካሪ በፌራሪ መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሀብቱም ዝናውም መጣ።

ቤቱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። በ1932 የተወለደው ልጅ በሟቹ ወንድሙና በአባቱ ስም አልፍሬዶ ተብሏል፤ በቤት ዲኖ ይሉታል። የሟችን ስም ለሚወለደው ማውጣት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዲኖ ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ፣ እስከ ዛሬም ፍጹም ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነበረበት። መሐንዲስነት ተምሮ የአባቱን ሥራ ሊረከብ ይዘጋጅ ነበር። እግሩ እየከዳው ሲሄድ አባትየው መኪናን እየጠገነ እንደሚያድን ሁሉ ልጁንም የሚያድነው መሰለው። ልጁ የሚበላው ምግብ እንዳይጎዳው በሰንጠረዥ አዘጋጀ፤ የኩላሊቱንና የሌላውንም ምርመራ ውጤት በየቀኑ በደብተር ይመዘግባል። ያ በፋብሪካው ውስጥ ሁሉ የሚፈራው ቁጡ ሰው ማታ ማታ ተቀምጦ የልጁን ሾርባ ይመዝን ነበር።

በመጨረሻው ክረምት፣ ዲኖ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው፣ አባትየውና ያ መሐንዲስ ያኖ አልጋው አጠገብ እየተቀመጡ ስለ አዲስ ሞተር ይነጋገሩ ጀመር። ስድስት ሲሊንደር እንዲሆን ዲኖም ሐሳብ ሰጠ። ጁን 30 ቀን 1956 ዲኖ በ24 ዓመቱ ሞተ። አባቱ በደብተሩ ላይ ጨዋታው መሸነፉን ጽፎ ዘጋው። ሞተሩ ተሠርቶ ሲያልቅ ልጁ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ስሙም ዲኖ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ፌራሪን ያለ ጥቁር መነጽር ያየው ጥቂት ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሳን ካታልዶ ወደሚባለው መካነ መቃብር ይሄዳል፤ ከልጁ መቃብር ጥቂት ቆይቶ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ጢሙን ተላጭቶ፣ ወደ ፋብሪካው ያልፋል። አርባ ወጣ፣ ዓመት ሞላ፣ ተዝካር ወጣ ብሎ ነገር የለም፤ ይህ በየቀኑ ለብዙ ዓመታት የተደረገ ነው። የሚጽፈው ሁልጊዜ በሐምራዊ ቀለም ነበር። አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ከሞዴናና ከማራኔሎ መራቅ አይወድም። ውድድርም ሄዶ አያይም፤ ቢበዛ ሞንዛ ላይ የሚደረገውን ልምምድ አይቶ ይመለስና ውጤቱን ቤቱ ሆኖ ይሰማል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ዲኖ በሞተ በዓመቱ፣ ማርች 1957፣ ኤውጄንዮ ካስቴሎቲ የሚባለው ነጂ ሞዴና ላይ መኪና ሲፈትሽ ሞተ። በሜይ ወር ደግሞ በኢጣሊያ አውራ ጎዳናዎች ላይ በሚደረገው በሚሌ ሚሊያ ውድድር፣ ጉዊዲዞሎ በምትባል መንደር አጠገብ፣ የአልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ፌራሪ ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ወጣና ለማየት የቆመው ሕዝብ መካከል ገባ። እሱና አብሮት የነበረው ሞቱ፤ ከመንገድ ዳር 9 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱም አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ውድድሩ በዚያው ቀረ። ፌራሪ በሰው መግደል ወንጀል ተከሰሰ። ክሱ ለዚያ ፍጥነት የማይሆን ጎማ አድርጓል የሚል ነበር። ክርክሩ ለአራት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1961 ነፃ ወጣ።

በ1958 ፌራሪ በልጁ ስም ዲኖ በተባለው ሞተር የምትሄደውን አዲስ መኪና ለፎርሙላ ዋን አሰለፈ። በጁላይ ወር ሉዊጂ ሙሶ በዚህችው መኪና ፈረንሳይ አገር ራንስ ላይ ሞተ። አንድ ወር ሳይሞላ ፒተር ኮሊንስ በዚህችው መኪና ኑርቡርግሪንግ ላይ ሞተ። ኮሊንስ ማን ነው? ከዲኖ ጋር በአንድ ዘመን የተወለደ፣ ኤንዞ ከልጁ ሞት በኋላ እንደ ልጅ ያቀረበው እንግሊዛዊ ወጣት ነው። ሞንዛ ላይ በ1956፣ ራሱ የዓለም ሻምፒዮን የመሆን ዕድል እያለው፣ መኪናውን ለታላቁ ለፋንጆ በፈቃዱ አስረክቦ የወረደ ጨዋ ልጅ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ማይክ ሆውቶርን በዚያችው መኪና ሻምፒዮን ሆነ። ጓደኞቹ ስለሞቱበት ወዲያው ውድድር ተወ፤ በጃንዋሪ 1959 ግን በተራ መንገድ ላይ የግል መኪናውን ሲነዳ ሞተ። በ1961 ደግሞ ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ሞንዛ ላይ ከአሥር በላይ ከሆኑ ተመልካቾች ጋር አለቀ።

የቫቲካን ጋዜጣ ሳይቀር ፌራሪን በጥንት ሮማውያን ተረት የገዛ ልጆቹን ከሚበላው ከሳተርን ጋር አመሳሰለው። ይህ ቃል ልቡን እንደወጋው ይታመናል።

በእኛ አስተያየት ነገሩ በአንድ ቃል የሚቆረጥ አይደለም። ነጂዎቹ ተገደው አልገቡም፤ እያንዳንዱ በፌራሪ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ደጅ የጠና ነበር። በዚያ ዘመን በሌሎቹም ድርጅቶች መኪና ብዙ ሰው ሞቷል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውዬው ነጂዎቹን እርስ በርሳቸው እያፎካከረ፣ ማን የበላይ እንደሆነ ሳይነግራቸው፣ እያንዳንዱ ነገ ቦታዬን አጣለሁ ብሎ እንዲሰጋ እያደረገ ያሠራ እንደነበር አብረውት የሠሩት ይመሰክራሉ። የፈራ ሰው ደግሞ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ያሳልፋል። በየጠዋቱ የራሱን ልጅ መቃብር የሚጎበኝ አባት የሌላውን ልጅ እንዲህ አድርጎ ወደ አደጋ መላኩን እንዴት አስታረቀው? ከመቃብሩ ወደ ፋብሪካው የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ይህን ጥያቄ ግን በየቀኑ አብሮት የሚሄድ ይመስለናል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በ1961 መጨረሻ ዋና ዋና የሥራ ኃላፊዎቹ ከሱና ከባለቤቱ ከላውራ ጋር ተጣልተው በአንድ ጊዜ ወጡ። በ1963 የአሜሪካው ፎርድ ድርጅቱን ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ፌራሪ የውድድሩ ሥልጣን ከእጁ እንደሚወጣ ሲያይ ወረቀቱን ጥሎ ወጣ። ፎርድም በቂም መኪና ሠርቶ መጥቶ፣ ፌራሪ ስድስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈበትን የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1966 ከአንድ እስከ ሦስት ወጥቶ ወሰደበት። በ1969 ገንዘብ ሲያጥር የድርጅቱን እኩሌታ ለፊያት ሸጠ። አዎ፣ ያ ሥራ የከለከለው ፊያት ነው። ውድድሩን ግን እስከ ሞቱ ድረስ ራሱ እንዲመራ ተስማሙ።

ሌላ ልጅም ነበረው። በ1945 ሊና ላርዲ ከምትባል ሴት ፒዬሮ የሚባል ወንድ ልጅ ወልዷል። በዚያን ጊዜ በኢጣሊያ ሕግ ፍቺ ክልክል ነበር፤ የተፈቀደው በ1970 ነው። ፒዬሮ የፌራሪን ስም የተሸከመው ላውራ በ1978 ከሞተች በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎት የአባቱን ስም አገኘ። ሟቹ ዲኖ በመኪና ላይ በስሙ ሲጻፍ፣ ሕያው የሆነው ወንድሙ ግን ስም ሳይኖረው አድጓል። ይህንንም ስናነብ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። በሌላ በኩል ፌራሪ በዲኖ ስም ማራኔሎ ውስጥ የሙያ ትምህርት ቤት አስቋቁሟል፤ ሚላኖ ውስጥም የዚያ የጡንቻ በሽታ ምርምር የሚካሄድበት ማዕከል በልጁ ስም ይጠራል።

በ1976 ኒኪ ላውዳ ኑርቡርግሪንግ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ቄስ ሳይቀር ተጠርቶለት ነበር። ፌራሪ ሌላ ነጂ በቦታው ቀጠረ። ላውዳ ግን ቁስሉ ሳይድን በስድስት ሳምንቱ ሞንዛ ላይ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። በ1977 ሻምፒዮን ሆነና ድርጅቱን ጥሎ ሄደ፤ አልተፈረደበትም። በ1982 ዚል ቪልነቭ የሚባለው ካናዳዊ ቤልጂግ ውስጥ ዞልደር ላይ ሲሞት ሽማግሌው 84 ዓመቱ ነበር። ያን ልጅ ይወደው እንደነበር ሁሉ ያውቃል። የነሐስ ሐውልቱም ፋብሪካው አጠገብ ባለው በፊዮራኖ መለማመጃ ሜዳ መግቢያ ቆሟል።

በ1987 ኤፍ 40 የተባለችው መኪና ወጣች። በሕይወቱ እያለ ለሕዝብ ያቀረባት የመጨረሻዋ ናት። በጁን 1988 ሊቀ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ማራኔሎን ሊጎበኙ መጡ። ፌራሪ ከአልጋ መነሣት ስላልቻለ በስልክ ተነጋገሩ። ኦገስት 14 ቀን 1988፣ በማርያም ዕርገት በዓል ዋዜማ፣ በ90 ዓመቱ ሞተ።

በፈቃዱ መሠረት ሞቱ አልተነገረም። ጡሩንባ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። ጥቂት የቅርብ ሰዎች ብቻ ይዘውት ሄደው ሳን ካታልዶ ባለው የቤተሰቡ መቃብር ቀበሩት። ዓለም የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሚሊዮን ሕዝብ ያለው ሰው በጥቂት ሰው መቀበሩ ለኛ ለዕድርተኞች ግራ ያጋባል። እኛ ዘንድ ባይተዋር እንኳ ሲሞት ሰፈሩ ይወጣል። አንዳንዶቻችን ይህን ኩራት ነው አልን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ብዙ ቀብር ያሳለፈ ሰው በራሱ ቀብር ላይ የሌሎቹን ሟቾች ወላጆች ዓይን መጋፈጥ አልፈለገም አልን። አልተስማማንም።

አንድ ወር ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1988፣ የኢጣሊያ ውድድር ሞንዛ ላይ ተደረገ። በዚያ ዓመት ማክላረን የሚባለው ድርጅት ከ16 ውድድር 15ቱን ወስዷል። የቀረችው አንዷ ይህች ናት። ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ሲመራ የነበረው የማክላረን ነጂ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ፤ ገርሃርድ በርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ በፌራሪ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ሕዝቡ አጥር ጥሶ ሜዳውን ሞላው። በድብቅ የተቀበረው ሰው ለቅሶ ያን ቀን ተለቀሰ ማለት ይቻላል።

ከሞቱ በኋላ ፊያት የድርጅቱን 90 በመቶ ያዘ፤ ፒዬሮ 10 በመቶውን ወረሰ፤ ምክትል ሊቀ መንበርም ሆነ። ፋብሪካው በ2023 ከ13,000 በላይ መኪና ሸጧል። በማርች 2017 ደግሞ የኢጣሊያ ፖሊስ በሳርዲኒያ ደሴት የጦር መሣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎችን ሲከታተል ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ወንበዴዎቹ የኤንዞ ፌራሪን አስከሬን ከሳን ካታልዶ ሰርቀው ከቤተሰቡ ገንዘብ ሊጠይቁበት አቅደው ነበር። 34 ሰዎች ተያዙ። መቃብሩ አልተነካም፤ ሽማግሌው ዛሬም ከዲኖ ጋር እዚያው ነው።